አሰልጣኝ ፉ የአሳማ ሥጋ የተዉበት ምክንያት

ክቡር ዳይሬክተር ዣን፣ አሰልጣኝ ፉ፣ ክቡራትና ክቡራን፣ ይልቁንም የወጥ ቤታችን አለቃ ጋሽ ሚያዎ፦ ይህን የስንብት ግብዣ ስላሰናዳችሁልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ዳይሬክተራችን ቅድም ሲያሞግሱኝ፣ ይሄ ጎበዝ ማን ይሆን ብዬ ወደ ኋላዬ ዞሬ አይቻለሁ።

ልጅ ሆኜ እዚህ የጂምናስቲክ አዳራሽ ስመጣ አሰልጣኝ ፉ ገበያ ላይ እንዳለ ዶሮ በሁለት እጃቸው አንስተው መዘኑኝና ለእናቴ «አጭር ነው፤ ጥሩ ነው» አሏት። ቁመቴን ያመሰገነ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ያመሰገኑኝ ቀን ትዝ አይለኝም።

ታሪኬን ታውቁታላችሁ። ከጣሪያ በተንጠለጠሉት ቀለበቶች ላይ እጄን ዘርግቼ ስቆም ግድግዳ ነኝ። ጣጣው መውረዱ ላይ ነው። አየር ላይ ተገለባብጬ ምንጣፉን ስነካ፣ ይህቺ ቀኝ እግሬ ማንም ሳያዛት አንድ እርምጃ ትሄዳለች። በብሔራዊው ውድድር ፍጻሜም ሄደች፤ ወርቁም አብሯት ሄደ። አሰልጣኝ ፉ ያን ቀንም ሁሌ የሚጠይቁኝን ጠየቁኝ።

«ዪንግካይ፣ ወዴት ልትሄድ ነበር?»

ምን ብዬ ልመልስ?

አሁን ወደ ሥጋው ልምጣ። እኛ ስፖርተኞች ከዚህ ወጥ ቤት ውጭ ሥጋ አንበላም፤ የአሳማ ሥጋ ደግሞ እዚህም አይቀርብልንም። አርቢው ለአሳማው የሰጠው መድኃኒት በእኛ ሽንት ውስጥ ከተገኘ፣ የምንታገደው እኛ እንጂ አሳማው አይደለም። ስለዚህ ለአዲስ ዓመት ቤቴ የምሄደው የጋሽ ሚያዎን ቅቅል እንቁላልና የቀዘቀዘ ዓሣ ቋጥሬ ነበር። እናቴ በአኩሪ አተር ስጎ ያበሰለችውን የአሳማ ሥጋ ዘመድ ይበላል፣ እኔ አሸታለሁ። አክስቴ «ልጁ መነኮሰ እንዴ?» ብላ እናቴን ጠይቃታለች።

አሰልጣኝ ፉስ? እሳቸውን የሚመረምር የለም። ግን የአሳማ ሥጋ ሲቀርብላቸው «ሆዴን አይስማማኝም» ይላሉ። እኛም አመንናቸው።

ባለፈው ሳምንት ጋሽ ሚያዎ ሽንኩርት እየላጡ ጉዱን አወጡት። ስድስት ልጆች ሆነን ወደ ዋናው ቡድን ባደግንበት ዓመት፣ በበዓሉ ማዕድ ላይ ከመካከላችን አንዱ በአሰልጣኙ ሳህን ላይ ያለውን የአሳማ ሥጋ እያየ አለቀሰ። አሰልጣኝ ፉ ሳህናቸውን ይዘው ወጥ ቤት ገቡና «ከእነዚህ ልጆች የመጨረሻው እስኪሰናበት ለእኔም እንዳታወጣልኝ» አሉ።

አምስቱ ጓደኞቼ በጊዜያቸው ወጡ፤ አገቡ፣ ወለዱ፣ ወፈሩ። እኔ ግን ያቺን እርምጃ ሳላስተካክል አልወጣም ብዬ ሙጭጭ አልኩ። በየዓመቱ «አንድ ውድድር ብቻ» እላለሁ። አሰልጣኝ ፉ «ትከሻህ እንዴት ነው?» ይሉኛል። ለጤናዬ የሚጨነቁ መስሎኝ አንጀቴን ይበሉት ነበር። ለካ ሰውዬው ርቧቸዋል።

አሁን ሳቁን ትንሽ ልተወው። አንድ ቀን እንኳ «ይብቃህ» ብለውኝ አያውቁም። ቢሉኝ በማግስቱ እወጣ ነበር፤ ይህንንም ያውቃሉ። ምናልባት ዘንድሮ እግሩ ይቆምለት ይሆናል ብለው ጎመናቸውን በሉ። እግሬ አልቆመም። ወርቁን ሳላመጣልዎ መሄዴ ያሳዝነኛል፣ አሰልጣኝ።

እናንተ ወጣቶች፣ ትከሻችሁ ይጽና፤ ያረፋችሁበት መሬት አጥብቆ ይያዛችሁ። ወርቁን አምጡት። ከእጃችሁ ቢያመልጥ እንኳ፣ እንዲህ የሚጠብቃችሁ ሰው አያሳጣችሁ። ዳይሬክተር ዣን፣ ቤቱ ሙሉ ይሁንልዎ። ጋሽ ሚያዎ፣ እጅዎ ይባረክ።

ያቺ ጥግ ላይ ያንን የአሳማ ሥጋ በድስት ታቅፋ የተቀመጠችው እናቴ ናት። ከትናንት ጀምሮ እኔም ከምርመራ ነፃ ነኝ። እንግዲህ ከዚህ መድረክ ልወርድ ነው፤ ቀኝ እግሬም መሄዷ አይቀርም። አሰልጣኝ፣ ወዴት ልትሄድ ነው ቢሉኝ ዛሬ መልስ አለኝ፤ ሳህን ይዤ ወደ እርስዎ ነው።