ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ዜማ

ልብስ ሰፊው የልጃቸውን መድኃኒት ከመደርደሪያው አንስተው ኪሳቸው ከከተቱ በኋላ፣ ደረጃውን እንኳ ወርደው ሳይጨርሱ ከእህታቸው ልጅ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። በአእምሮ ሕክምና ክፍል ነርስ ናት፤ ከሥራ መመለሷ ነበር።

"አጎቴ፣ ሱቁን ትተው ወዴት ነው?"

"ይህን ልመልስ!" አሉ፣ ከሜትራቸው ጋር የተጠላለፈውን ጥቅል ከኪሳቸው እየጎተቱ። "አልሠራም። አንቺም ሐኪሙም ተባብራችሁ አሞኛችሁኝ።"

"እንዴት አልሠራም?"

"ይኸው ከመጋረጃው ጀርባ 'እምም፣ እምም' ማለቷን እንደገና ጀመረቻ! ቁልፍ በተከለች ቁጥር እንደ ንብ ነው። የሰው ዓይን አታይ፤ ክሮቿን የነካባት ወየውለት። መድኃኒት ማለት ይሄ ነው?"

ነርሷ ሳቋን ዋጥ አደረገች። "ክረምቱንስ ታዜም ነበር?"

ሰፊው ሜትሩን ከጥቅሉ ያላቅቁ ጀመር። አላዜመችም። ክረምቱን መርፌ አልነካችም፤ ምግብ ሲያቀርቡላት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር ነበር። አንድ ጠዋት "አባዬ፣ ባልነቃ ይሻለኝ ነበር" ብትላቸው ነው እጇን ይዘው ወደ ሐኪም የሮጡት።

"ደፈረችኝ አይበሉኝና አጎቴ፣ ኦቲዝሙ አብሯት የተወለደ ነው። ይህ መድኃኒት እሱን አይነካውም። ድብርቱ ግን እንግዳ ነበር። ክኒኑ የታዘዘው እንግዳውን እንዲያስወጣ እንጂ የቤቱን ባለቤት እንዲያባርር አይደለም። እጅጌ ሊያሳጥር የመጣ ደንበኛ 'ቁመቴ ለምን አልጨመረም?' ቢልዎትስ?"

"በመቀስ ነዋ የማባርረው!"

"ታዲያ እርስዎም ላም ባልዋለበት ኩበት እየለቀሙ ነው።"

ሰፊው ሊስቁ ቃጡና ተዉት። "ቢያደነዝዛትስ?" አሉ፣ ድምፃቸው ወርዶ። "እጇ ቢንቀጠቀጥስ? እንደሷ የሚሰፋ የለም እኮ።"

"መፍራትዎ አግባብ ነው። ለሁሉም አይስማማም። እንደሷ ያሉትን አንዳንዶቹን እንቅልፍ ይነሳል፣ ያቁነጠንጣል። ለዚህ ነው ሐኪሙ ከትንሹ መጠን ጀምሮ የሚከታተላት፤ ካልተስማማት ይለውጠዋል። በድንገት ማቋረጥ ግን ያማል፤ ድብርቱንም ሊመልሰው ይችላል። ለመሆኑ እሷን ጠይቀዋታል?"

"ልጄ ናት!"

"ልጅዎ ናት። ግን ያደገች ሴት ናት፤ መድኃኒቱም የእሷ ነው።"

ብዙ ወላጅ እዚህ ላይ ይሰናከላል፤ ልጁን መውደድና ልጁን መጠየቅ አንድ ይመስለዋል። ሰፊውም ጥቅሉን እንደ ትኩስ ካውያ በሁለት ጣት ይዘው ወደ ሱቃቸው ተመለሱ።

ልጃቸው ከመጋረጃው ጀርባ ክሮቿን ደርድራ ቁልፍ ትተክላለች። ጥቅሉን ጠረጴዛዋ ላይ አኖሩና፣ "ሳልጠይቅሽ ወስጄው ነበር፤ አጥፍቻለሁ። ይጠቅምሻል?" አሏት።

ቀና አላለችም። "ክረምት ላይ ሰማያዊ ክሮቹ ሁሉ አንድ ሆነውብኝ ነበር። አሁን ሰባት ናቸው። መጀመሪያ ሰሞን አፌን አድርቆኝ ነበር፤ ለሐኪሙ ነግሬዋለሁ። እኔ ነኝ የምውጠው፤ ማቆም ስፈልግም እሱን እጠይቃለሁ። ሁለተኛ ቦታውን እንዳትለውጥብኝ።"

ሰፊው ከደስታቸው ብዛት መጋረጃውን ሙሉ በሙሉ ገለጡት፤ ሰው ሁሉ ይያት ብለው።

"ዝጋው አባዬ። ብርሃኑ ይወጋኛል።"

ዘጉት። ለካ የተደበቀችው እሳቸው አፍረውባት ሳይሆን እሷ ወድዳው ኖሯል።

ወዲያው አንድ ደንበኛ ኮቱን ሊወስድ ገባና ከመጋረጃው ጀርባ ወደሚመጣው 'እምም' ጆሮውን ጣለ። "ጋሼ፣ ሬዲዮኑ ተበላሽቷል መሰለኝ፤ ይጮሃል።"

ድሮ ቢሆን ሰፊው ሳል ሳል ብለው ወሬ ይለውጡ ነበር። አሁን ኮቱን በሁለት እጃቸው ዘርግተው፣ ደረታቸውን ነፍተው ቁልፎቹን አሳዩት።

"ሬዲዮ አይደለም። ይህን የሰፋችው ልጄ ናት። ክረምቱን ዝም ብላብን ነበር፤ እግዜር ይመስገን፣ ተመልሳለች።"