በግንብ ላይ የተሻገረችው መኪናና ሠሪዋ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ አለባቸው

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፍኩትም የማነብላችሁም እኔ ታናሽ ወንድማቸው መላኩ አለባቸው ነኝ። ከቤተሰቡ ታላላቆች የቀረሁት እኔ በመሆኔ ደረሰኝ እንጂ ሟቿ መርጠውኝ አይደለም። ልጃቸው ሔለን የፈቀደችልኝም «የሆነው ሁሉ ሳይቀነስ ከተጻፈ ብቻ» ብላ ነው። ስለዚህ አልቀነስኩም። የራሴ ስም በሚመጣበት ቦታ ስለ ሌላ ሰው እንደማነብ ሆኜ አነበዋለሁ፤ አለዚያ እስከ መጨረሻው አልዘልቀውም።

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ከአባታቸው ከአቶ አለባቸው ተሰማና ከእናታቸው ከወይዘሮ ስመኝ ወርቅነህ በ1955 ዓ.ም. በዲላ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ለፍርድ ቤት ጸሐፊነት ከመንዝ ተመድበው መጥተው በዚሁ የቀሩ ሰው ሲሆኑ፣ ፀሐይወርቅ ገና በልጅነታቸው የአባታቸውን የጽሕፈት መኪና ብሎን በብሎን ፈትተው፣ ከተገረፉ በኋላም በማግስቱ መልሰው ገጥመው ያስረከቡ፣ የተሰበረ ነገር አይተው ማለፍ የማይሆንላቸው ልጅ ነበሩ። የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዲላ እንዳጠናቀቁ አዲስ አበባ ሄደው ቴክኒክ ትምህርት ቤት በመግባት፣ ከሠላሳ አራት ተማሪዎች ሴቶቹ ሁለት ብቻ በነበሩበት ክፍል፣ በብረታ ብረት ሥራ ተመርቀዋል።

ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ ጡረታ እስከወጡበት ጊዜ ድረስ በዚሁ በዲላ የብየዳ አሠልጣኝ ሆነው ሠርተዋል። ከዲላ እስከ ይርጋጨፌ፣ ወደ ላይም እስከ ቡሌ ድረስ ባሉ ጋራዦችና ብረታ ብረት ቤቶች ውስጥ ብየዳ የያዘ እጅ ሁሉ፣ እሳቸው ያልተቆጡት ጥቂት ነው። ሲቆጡም ቀላል አልነበሩም፤ ያልያዘ ብየዳ ካዩ መዶሻ አንስተው በባለቤቱ ፊት ይሰብሩታል። በ1980 ዓ.ም. በዲላና ይርጋጨፌ መስመር የአውቶቡስ ሹፌር ከነበሩት ከአቶ ደመላሽ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሔለንንና ነብዩን ወለዱ። አቶ ደመላሽ በ2001 ዓ.ም. በሕመም ሲለዩዋቸው ልጆቹን ብቻቸውን ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል።

አባታቸው ሲሞቱ ግቢው ለሁለት ተከፈለ። ወደ ዋናው መንገድ የሚያወጣው የፊት ክፍል ለመላኩ፣ የኋላው ለፀሐይወርቅ ደረሰ፤ ትልቁ በርና መተላለፊያው የጋራ እንዲሆን አባትየው በቃል ተናዘዙ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በእህትና ወንድሙ መካከል ሰላምታ እንጂ ፍቅር አልነበረም። መላኩ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ እህቱ ቱታ ለብሰው፣ ፊታቸው በጥላሸት ጠቁሮ በመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ሲያልፉ የማያውቃቸው ሰው መስሎ ወደ ውስጥ ይገባ ነበር። ይህንን እሳቸው ያውቁ ነበር።

በ2008 ዓ.ም. ሥልጠናውን ሊገመግም የመጣ አንድ ሰው፣ በተማሪዎቻቸው ፊት፣ «እዚህ ከበርና ከመስኮት ሌላ ምን ይበየዳል? እሱንስ ቢሆን ሴት የበየደችው ወንበር ላይ ለመቀመጥ እኔ እፈራለሁ» ብሎ ሳቀ። አንዳንዶቹ ተማሪዎችም አብረውት ሳቁ። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ በዚያው ሳምንት ቱቦላሬ ብረት አስጭነው ወደ ጓሯቸው አስገቡ። ሔለን ምን ሊሠሩ እንደሆነ ስትጠይቃቸው «የውድድር መኪና። እኔ ራሴ የምቀመጥበት» አሏት። ሃምሳ ሦስት ዓመታቸው ነበር።

ለአራት ዓመት በየቀኑ ከሥራ መልስና በየቅዳሜው ቆረጡ፣ በየዱ፣ ሞረዱ። ሞተሯን ከተገለበጠ ሞተር ብስክሌት፣ መሪዋን ከባጃጅ አወጡ፤ መቀመጫዋን ከቡሌ በመጣ ቀርቀሃ አስጠለፉ። የብረት መፍጫው ጩኸት ሰፈሩን አሰለቸ። መላኩ አቤቱታ ጽፎ ሃያ ሦስት ፊርማ አሰባሰበ። ከፈረማችሁት መካከል ብዙዎቻችሁ ዛሬ ነጠላችሁን አዘቅዝቃችሁ እዚህ ቆማችኋል። ቀበሌው ሰዓት ወስኖላቸው ሰዓቱን አንድም ቀን አላሳለፉም፤ እናንተ ግን በሠርግ በክርስትና መጥራታችሁን ተዋችሁ።

በ2012 ዓ.ም. መኪናዋ አልቃ በጓሮ ሞተሯ ሲነሳ መላኩ ሰማ። በዚያው ወር ትልቁን የብረት በር አስነቅሎ፣ ሰው እንጂ መኪና የማያሳልፍ ጠባብ በር አስገጠመ። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ መጥተው «መላኩ፣ የአባታችንን ቃል አትጣስ። መኪናዋ የምትወጣበትን ክፈትልኝ» አሉት። እሱም ከልጅነቱ ጀምሮ የሚጠራቸውን «እታለም» የሚለውን ስም ትቶ፣ «ፀሐይወርቅ፣ በአባቴ በር የቆርቆሮ ጥርቃሞ አይወጣም። ወረቀት ካለሽ ክሰሺኝ» አላቸው። ወረቀት እንደሌላቸው ያውቃል። ሽማግሌ ላኩ፤ ሽማግሌዎቹን ሻይ አጠጥቶ ባዶ እጃቸውን ሸኘ። ፈታትተው እንዲያወጧት የመከሯቸውም ነበሩ፤ እሳቸው ግን «የሰረቅሁት ዕቃ ይመስል በክፍልፋይ አላወጣትም» ብለው እምቢ አሉ።

ከጓሯቸው ግንብ ማዶ የአቶ አብዲሳ የእንሰትና የቡና ማሳ አለ፤ ከማሳው ግርጌ ደግሞ የመኪና መንገድ ያልፋል። መኪናዋ በግንቡ ላይ እንድትሻገር ግን በሰው ትከሻ የምትነሳ መሆን ነበረባት። ከቡና መጋዘን ሚዛን ተውሰው ሲመዝኗት ሦስት መቶ ዘጠና ኪሎ ሆነች። ያን ጊዜ ሥራውን እንደ አዲስ ጀመሩ። የወለሉን ላሜራ ነቅለው ከአሮጌ የማስታወቂያ ሰሌዳ በተቆረጠ አሉሚኒየም ተኩ፤ ወፍራሙን ቱቦላሬ በቀጭን ቀየሩ፤ ጫና የማይበዛበትን ብረት ሁሉ ሸነቆሩ፤ የቀነሱትን እያንዳንዱን ቁራጭ በሚዛኑ ላይ እያስቀመጡ ከግድግዳው ላይ በጠመኔ ጻፉ። ሁለት ዓመት ፈጀባቸው። መላኩ ሐሳባቸውን ሲሰማ መኪናዋ በምትሻገርበት የወሰን ግንብ ላይ ሁለት ረድፍ ብሎኬት አስጨመረ። አላስፈለገውም ነበር፤ እልህ ነው። መኪናዋ ሁለት መቶ አርባ ስድስት ኪሎ ስትደርስ ሚዛኑን መለሱ።

በ2014 ዓ.ም. መጋቢት ወር በአንድ ቅዳሜ ረፋድ፣ ቀድሞ ያሠለጠኗቸው አሥር ሰዎች መጡ። አቶ አብዲሳ በማሳቸው በኩል ቆመው «እንሰቴን ብቻ እንዳትረግጡብኝ እንጂ መንገዱ የናንተ ነው» አሉ። ሰዎቹ በግንቡ ግራና ቀኝ መሰላልና ርብራብ አቁመው መኪናዋን ሞተሯን እንደያዘች አነሷት። መላኩ በመስኮቱ ያይ ነበር። ከተሸካሚዎቹ መካከል፣ በፊተኛው ጎማ ሥር ትከሻውን የሰጠው የገዛ ልጁ ዘመንፈስቅዱስ መሆኑን ያየው መኪናዋ ከግንቡ ጫፍ ስትደርስ ነው። ወጥቶ «አንተ! ልቀቅና ውረድ!» ብሎ ጮኸ። ልጁም ሳይዞር «ከለቀቅሁ ሰው ላይ ትወድቃለች፣ አባዬ» አለው። መኪናዋ ተሻገረች። መላኩ ከልጁ ጋር ዓመት ከመንፈቅ አልተነጋገረም።

በሚያዝያ ወር ሐዋሳ ላይ በተዘጋጀ ውድድር አሥራ አንድ መኪኖች ቀረቡ። አንድ አዘጋጅ ዝርዝሩን ይዞ «ሹፌሩ የታለ?» ሲል ወይዘሮ ፀሐይወርቅ የራስ ቁራቸውን እየቆለፉ «እኔ ነኝ፣ ዞር በልልኝ» አሉት። በቀጥታው መንገድ ትልልቆቹ ሞተሮች እየጣሏቸው ሲሄዱ፣ በኩርባው ላይ ግን ቀላሏ መኪና ፍሬን ሳታበዛ ትገባና አንድ በአንድ ታልፋቸው ነበር። ሦስተኛ ወጡ። ወሬው ዲላ ሲደርስ መላኩ በሰው መካከል ተቀምጦ «ሦስተኛ ከስንት? ከአራት?» አለ፤ ይህም ሳይውል ሳያድር ጆሯቸው ገባ። መኪናዋን ለማሠልጠኛው ሰጥተዋት ዛሬ ሠልጣኞች እየፈቱ ይገጥሟታል።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው ሐዋሳ ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ፣ መላኩ አንድ ጊዜ ሄደ። አይተውት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። እንደዞሩ «ለምን መጣህ?» አሉት። «ሰው ምን ይለኛል ብዬ» አላቸው። ሳቁ፤ ሳቁም ሳል ሆነባቸው። «እውነቱን ስለነገርከኝ ተቀመጥ» አሉት። የጠያቂ ሰዓት እስኪያልቅ ተቀመጠ። ይቅርታ አልጠየቀም፤ እሳቸውም ይቅር አላሉም። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ።

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ልጆቻቸውን ሔለንንና ነብዩን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንደ ልጅ የሚያዩትን ዘመንፈስቅዱስን፣ በርካታ ሠልጣኞቻቸውን፣ እንዲሁም ያልታረቁትን ወንድማቸውን መላኩን ትተው አልፈዋል።

የደከሙበትን የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎች ማረፊያ ያግባልን፤ ለልጆቻቸውም መጽናናትን ይስጥልን። ለመላኩ ግን ማንም «እግዜር ያጽናህ» ብሎ እጁን እንዳይጨብጥ እለምናለሁ፤ ገና ለመጽናናት አልበቃም።