የዓሣው ተራ

ወደ ቦሌ ሚካኤል በሚሄድ ውይይት ታክሲ ውስጥ፣ አንድ ሽንኩርት አምራች ለመንደሩ መስኖ የገዛውን የውሃ ፓምፕ እግሬ ሥር አስቀመጠ። እንዳይንሸራተት በእጄ ደገፍኩለት። ፊት ለፊት የተቀመጠችው ዓሣ ነጋዴ ለየትኛው ወንዝ እንደሆነ ጠየቀችው፤ ነገራት።

«ውይ ጋሼ! ያ እኮ ወደ ሐይቃችን የሚገባው ወንዝ ነው።»

«ታዲያ ምን ይሁን፣ እህቴ?»

«ነጩ ዓሣ ሽቅብ ወጥቶ እንቁላል የሚጥለው እዚያ ነው። ውሃውን ስትስቡት ስትስቡት ዘሩ ሊጠፋ ነው።»

«ለመንግሥት ንገሪያ።»

«ነገርን። ከሌላ ወንዝ ተጨማሪ ውሃ ፈልገን እናመጣለን አሉ። እስከዚያ ዓሣው በእግሩ ይሂድ?»

«የኔስ ሽንኩርት ምን ይጠጣ?»

«በተራ አይደል የምታጠጡት? ለዓሣውም ውሃ የማትስቡበት አንድ ቀን ስጡት።»

«እኛ ዘንድ ቦይ ያልጠረገ ተራ የለውም። ዓሣ አካፋ ሲይዝ አይተሻል?»

ታክሲው በሙሉ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም።

«ጠረጋው መቼ ነው?»

«ማክሰኞ።»

«የዓሣውን ድርሻ እኔ እጠርጋለሁ።»

«በዚህ ጫማ?»

«አወልቀዋለሁ። ተራውን ትሰጡታላችሁ ወይስ አትሰጡትም?»

«እስቲ መጀመሪያ ነይ።»

«እመጣለሁ አልኩ እኮ! ትሰጡታላችሁ?»

ሰውዬው ወደ መስኮቱ ዞረ፤ እኔም ፓምፑን ደግፌበት የነበረውን እጄን ቀስ አድርጌ አነሳሁ።