ትርንጎ ደጃፉን እንደያዘች

እኛ በኖርንበት ዘመን፣ ልጆቼ፣ የታመመ ሰው ሳይጠይቁ መቅረት ከጠላትነት ይቆጠር ነበር፤ ጠይቀው ጉንጩን ሳይስሙ መመለስማ ጭራሽ ነውር ነው። ታዲያ እዚህ እስራኤል፣ ናታንያ ከተማ፣ ዶራ ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስንኖር ኩላሊቴ ሥራ አቆመ፣ እና ደሜን በማሽን ሲያጥቡልኝ ከከረሙ በኋላ የአንድ ሟች ዘመዶች፣ ነፍሱን በገነት ያኑራትና፣ ኩላሊቱን ሰጡኝ፤ ተተከለልኝ።

ከሆስፒታል ስንወጣ ሐኪሙ በአስተርጓሚ ነገረን። ሰውነትህ ይህን ኩላሊት ባዕድ ነው ብሎ ይዋጋዋል፤ እንዳይዋጋ በመድኃኒት አድክመነዋል፤ እንግዲህ ጉንፋን እንኳ ይገድልሃል፣ ሰው አይጠጋህ አለኝ። እኔ ፈሪ ነኝ፣ ታውቁኛላችሁ። ባለቤቴ ትርንጎ ግን ጸጥ ብላ አዳመጠችና "ሰምቻለሁ" አለች።

እና ቤት በገባን በማግስቱ ሰው ጎረፈ። ትርንጎ በሩ ላይ ወንበር ይዛ ተቀምጣ አንዱን በልመና፣ አንዱን በቀልድ ስትመልስ ከመኝታዬ እሰማለሁ። ታዲያ አያ አድማሱ መጣ። አያ አድማሱ ታላቅ ወንድሜ ነው፣ አባታችን ሲሞት ያሳደገኝ እሱ ነው፣ ከቤርሳቤህ ድረስ በአውቶቡስ ሲንገላታ መጣ፣ እና ደግሞ ያስላል። ሳሉን ከታች ከደረጃው ጀምሮ ሰማሁት። ቢገባ ልሞት ነው፤ ቢመለስ ወንድሜን ላጣ ነው።

"ከበሩ ዞር በይ፣ ትርንጎ" አላት።

"አይሆንም፣ አያ።"

"ያሳደግሁትን ልጅ ሳልስም? እንግዲያ ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለህም በይልኝ" አለና በዱላው ደረጃውን መታው።

አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። "አንድ ነገር ልጠይቅዎ" አለችው። "አገር ቤት ሳሉ ከገበያ ሲመለሱ ቀጥ ብለው ቤት ይገቡ ነበር?"

"ባዕድ ነክቼ? ወንዝ ወርጄ እታጠባለሁ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅም ውጭ እቆያለሁ እንጂ።"

"የከለከለችዎ ሚስትዎ ነበረች?"

"የኦሪት ሕጉ ነው እንጂ።"

"ዛሬስ አውቶቡሱ ውስጥ ስንት ሰው ነክተው መጡ?"

አያ አድማሱም ለስለስ ብሎ "ውሃ የት ነው?" አላት።

"ውሃ አለ። ሳል ግን በውሃ አይለቅም፣ አያ። እዚሁ ነቬ ኢታማር ሰፈር እህትዎ ቤት ይቆዩ፣ ሲለቅዎ ይምጡ፤ በሩ የእርስዎ ነው።"

እና ሄደ። እዩት እንግዲህ፣ ሽማግሌው ሰው፣ ያን ሁሉ ደረጃ ተመልሶ ወረደ። ሳሉ ሲለቀው መጣ፣ እስከ ክርኑ ታጠበ፣ የትርንጎን ወንበር ተቀበላትና ደጃፉን ያዘ። ከዚያ ወዲያ ማን ይለፍ? "እጅህን አሳየኝ፣ አፍንጫህን አሳየኝ" ይላል፤ የገዛ ሚስቱን እንኳ ለቅሶ ቤት ውላ ስትመጣ መለሳት። ትርንጎማ ሳቋን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ሐኪም ኩላሊቱን ተከለ፤ እሷ ኩላሊቴንም ወንድሜንም አቆየችልኝ። እንዲህ ያለች ሴት አላየሁም።

ምን አልሽ፣ የልጅ ልጄ? ሳይስምህ ቀረ ወይ ነው ያልሽኝ?

ሳመኝ እንጂ። ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ አያ አድማሱ እጁን ዘርግቶ ወደ አልጋዬ መጣ፣ መጣና መሃል ላይ ቆመ፤ ሐኪሙ የፈቀደው አልበቃውም፣ ዞሮ ትርንጎን አያት። እሷ ራሷን በእሺታ ነቀነቀችለት፣ ያን ጊዜ ነው የሳመኝ። ሃሃ!