ወደኋላ የሄደው ላፕቶፕ

ከቀፊራ ወደ ሳቢያን በሚሄድ ባጃጅ ውስጥ፣ ላፕቶፕ ታቅፈው የተሳፈሩ አባት አጠገባቸው ለተቀመጠች ወጣት ሲያማርሩ ሰማሁ።

«አንድም ዌብሳይት አልከፍት አለኝ። የልጄ የፈተና ምዝገባ ደግሞ ዛሬ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል።»

«ኔትወርክ ይሆናላ፣ አባባ።»

«ስልኬ ላይ እኮ ይከፍታል! ምዝገባው ግን በኮምፒውተር ካልሆነ አይቀበልም። ሹፌር፣ ንዳው እንጂ!»

«መንገዱ ተዘግቶ የት ይንዳው አቦ? እስቲ ያሳዩኝ፤ ምን ይላል?»

«‹አስተማማኝ አይደለም› ይላል። እኔን ነው?»

«ውይ! ቀኑን ማን ነካው?»

«እኔ ነኝ። ትናንት የፈረንጁን ቀን ሲያሳይ አየሁና በኛው አስተካከልኩት። ዓመቱንም ሰዓቱንም።»

«ወላሂ አበላሹት! ዌብሳይቶቹ ሲከፈቱ የኮምፒውተሩን ቀን ያያሉ። የኛ ዓመት ከፈረንጁ ወደኋላ ነው አይደል? ይሄ አሁን ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ሄዶ ነው የተቀመጠው።»

«ሰባት ስምንት ዓመት?»

«አዎ። ቆይ፣ አሁኑኑ እመልስልዎታለሁ።»

ሰውዬው መዳፋቸውን ኪቦርዱ ላይ አሳረፉ።

«አባባ፣ እጅዎን ያንሱልኝ እንጂ። ሰዓቱ እየሄደ አይደል እንዴ?»

«አነሳለሁ ልጄ፣ አነሳለሁ። እንደው... በዚህ ቀን የልጄ እናት በሕይወት አለች ማለት ነዋ።»

መውረጃዬን በዓይኔ እያየሁ አለፍኩት፤ «ወራጅ አለ» ለማለት አፌ አልከፈት አለኝ።