ጋቢና የተሳፈረው ጆንያ

በሁለት ሺህ አሥራ ሰባት፣ ሰባ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ ነበር። ከወረታ ወደ ሐሙሲት በፒካፕ ተሳፈርሁ። ከኋላ ወንበር ከጎኔ ያለች እናት አዲስ አበባ ላለች ልጇ ሹፌሩ የሚያደርስላትን አንድ ጆንያ ሩዝ፣ ዝናብ እንዳይነካው ብላ ፊት ወንበር ላይ አስቀምጣዋለች። መንገድ እንደጀመርን ሹፌሩ ፊት ቀይ መብራት በራ፤ መኪናው ጮኸ።

«ምን ሆነ፣ አንተ ልጅ?» አለች እናትየዋ።

«ተሳፋሪው ቀበቶ አላሰረም ይላል፣ እማማ።»

«የቱ ተሳፋሪ?»

«ጆንያዎ ነዋ! ቢከብደው ጊዜ ሰው መሰለው።»

«እሰረውና ዝም ይበል እንግዲህ።»

ቆም ብሎ አሰረው። መኪናው ዝም አለ።

«ወንበሩ ባዶ ሲሆንስ ይጮኻል?»

«ባዶውን ምን ያስጮኸዋል?»

«እኔ ቤት የልጄ መደብ ባዶውን ይጮኻል። ሩዙን ከምትወስድላት እሷን ባመጣህልኝ።»

እኔ በማግስቱ ማለዳ፣ ጎንደር ወዳለው ልጄ ሄድሁ።