ለአዲስ ሰርቨር የሚበቃው

በ2002 ዓ.ም. ነው፤ ክረምቱ ገና አልወጣም፣ ሆሳዕና ላይ ከጠዋት ጀምሮ ይዘንብ ነበር። ልጄ ምሕረት የምትሠራበት ቢሮ የሄድኩት ሥራውን ተይው ልላት ነው። ጊምቢቹ፣ እቤታችን አጠገብ፣ የመምህርነት ቦታ ለምኜላት ነበር። ስገባ ከአለቃዋ ከጴጥሮስ ጋር ትከራከራለች። ለወረዳ ቢሮዎች በሚላኩት ኮምፒውተሮች፣ ሰርቨር በሚሏቸው ላይ፣ ኮምፒውተሩን የሚያሠራው ሊኑክስ የሚሉት ሲጫን ከመጀመሪያው የትኞቹ ፕሮግራሞች አብረው ይግቡ ነው ነገሩ።

«ያለውን ሁሉ ጫኚው» አላት። «ኢንተርኔቱ እንደሆነ ኤሊ ነው። ኋላ ይሄ ጎደለን ብለው ሲደውሉ በእግርሽ ልታደርሺ ነው?»

«በሲዲ እልክላቸዋለሁ። ማንም የማይሠራበት ፕሮግራም ለሌባ የተተወ በር ነው፤ ያን ሁሉ በር ማን ይጠብቃል?» አለችና ወደ እኔ ጠቆመች። «አባቴ ወንድሜን ጎጆ ሲያወጣው የእንሰት ችግኝ ሰጠው እንጂ ጓሮውን ሁሉ ነቅሎ አላሸከመውም። የጎደለውን እየመጣ ይወስዳል።»

ጴጥሮስ ሳቀ። «አባባ፣ እውነቷን ነው?»

«ሁሉን የተከለ ሁሉን ያርማል» አልኩት።

ጴጥሮስ ብዕሩን አነሳና «በይ እንዳልሽ ይሁን። ስልኩን ግን አንቺ ነሽ የምታነሺው» ብሎ ዝርዝሯ ላይ ፈረመ።

እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ የተናገረችው ግን ገባኝ። ኮራሁባት፤ ፊቴ ላይ አላሳየሁም።

«አባዬ፣ በዚህ ዝናብ ምን አመጣህ?» አለችኝ።

«ላይሽ ነው» አልኳት። በማግስቱ ጊምቢቹ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ዘንድ ሄጄ የመምህርነቱን ቦታ ለሌላ ሰው ስጡት አልኩ።